ከኋላ የተደበቀው አንሶላ

አሜሪካዊው ደንበኛ ሃልቨርሰን ካሴቱን አጥፍቶ መብራቱን ሲያበራ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሻይ ሻዩን ያይ ነበር። ሻዩ ውስጥ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም። ሰው የማይወደውን ነገር ሲያሳዩት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ኦሳካ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሻይ የተሻለ እስካሁን አልተገኘም።

ፊልሙ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ክሌርዴል የተባለውን ሳሙና ከመደርደሪያ ላይ ያስጠረገ ነው ብሏቸዋል። ሁለት ጎረቤታሞች ከአጥር ወዲያና ወዲህ ሆነው አንሶላ ያሰጣሉ። ቢጫ ሸሚዝ የለበሰችው የራሷን አንሶላ ታያለች፤ የጎረቤቷንም ታያለች፤ የጎረቤቷ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞር ብላ ትጠቅሳለች። «አያችኋት አይደል ይህቺን ዝርክርክ?» እንደ ማለት ነው። ወዲያው የሳሙናው ካርቶን ማያውን ሞልቶ ይመጣና ስሙ እየተደጋገመ ይጮሃል።

«በጣም ትምህርት የሚሰጥ ነው» አለ የክፍሉ አለቃ ኩሩማዳ፣ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ።

ሺሆ ታታራ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ግን አልጨመረችም። ሃልቨርሰንም ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

የሺሆ ሥራ የማስታወቂያ ጽሑፍ መጻፍ እንጂ ማስተርጎም አልነበረም። ነገር ግን ልጅ ሳለች አባቷ ለሥራ ኦሃዮ ተልኮ እዚያ አድጋለችና፣ አሜሪካዊ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ድልድይ ሆና የምትዘረጋው እሷ ነበረች። ድልድይ ደግሞ ዕጣው ከወዲያም ከወዲህም መረገጥ ነው። የኦሃዮው ቴሌቪዥን ትዝ ይላታል። እዚያ ማስታወቂያ ማለት በርህን ስትከፍት እግሩን መድረኩ ላይ አስገብቶ የሚለፈልፍ ሻጭ ነው። ጥርስህ ቢጫ ነው፣ መኪናህ አርጅቷል፣ ራስህን ያምሃል ይልሃል፤ ደግነቱ መድኃኒቱን ይዞ መጥቷል። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ማስታወቂያ ዝናብ ሆኖ ጠበቃት። ዝናብ ይዘንባል፤ አንዲት ተማሪ በወንዝ ዳር ትሮጣለች፤ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዞ ባቡር ጣቢያ ይጠብቃታል፤ ሙዚቃው ሆድ ያባባል። መጨረሻ ላይ በደቃቃ ፊደል የአንድ ድርጅት ስም ብቅ ይላል። ድርጅቱ ኑድል ይሽጥ ኢንሹራንስ፣ የሚያውቅ የለም። ብቻ ተመልካቹ አልቅሷል፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ ሱቅ ሲገባ እጁ መንገዱን አይስትም።

ሺሆ አንዱን ዓይን ያወጣ፣ ሌላውን አለባብሶ የሚያርስ ትላቸው ነበር። ሁለቱንም ትንቃለች፤ ሁለቱንም ግን ጠንቅቃ ታውቅባቸዋለች።

ሃልቨርሰን ቀጠለ። በጃፓን የተወደዱ የቴሌቪዥን ፊቶች እነማን እንደሆኑ አስጠንቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ ዓይኑ ያረፈው በካዙዮ ሚነጊሺ ላይ ነው። ካዙዮን የማያውቅ የለም። የአንድ የካሪ ቅመም ማስታወቂያ እናት ሆና ዘመን የቆጠረች ተዋናይ ናት፤ ጭልፋ ይዛ ከድስቱ እንፋሎት መሃል ቀና ትልና «ኑ፣ ቀረበ!» ትላለች። አንድ ትውልድ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተቀበለው ይህ ድምፅ ነው። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ «እማማ» ይላታል። የካሪው ድርጅት ፊቱ እንደ እንቁላል የተላጠ ወጣት ዘፋኝ በእሷ ቦታ ካስገባ ወዲህ ግን ብቅ ያለችበት ማስታወቂያ የለም።

የሃልቨርሰን ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር። ይህች የተከበረች እናት የኖረችበትን ሳሙና ጥላ ክሌርዴልን ካነሳች አገር ይከተላታል። ስለዚህ አመድ የመሰለ አንሶላ የያዘችው ጎረቤት እሷ ትሁን፤ ባለ ነጩ አንሶላ ደግሞ አንዲት ወጣት።

ጠረጴዛው ሁሉ እንደገና ወደ ሻዩ ተመለሰ። እዚህ አገር ማስታወቂያ ላይ የቆመ ሰው የተሰጠውን ቦታ የሚጫወት አይደለም፤ ያንኑ የሆነ ነው። የአገሩን እናት አደባባይ አውጥቶ፣ አንሶላሽ ቆሽሿል ብሎ አዋርዶ፣ ከዚያ ሳሙና ግዙኝ ማለት? ሺሆ ይህን በልቧ ስታመላልሰው ኩሩማዳ ሐሳቡን በቀና መንፈስ እንደሚያዩት ተናገረ። እሷም ተረጎመች።

ከስብሰባው በኋላ ኩሩማዳ በኮሪደሩ ጥግ አስቁሞ ወደ ካዙዮ እንድትሄድ አዘዛት። ሺሆ ራሷ ከሄደች እማማ እንደተከበሩ ያውቃሉ አለ። ሺሆ ይህ ነገር አያዋጣም ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አውቃለሁ። አንቺ ብቻ ሂጂ፤ የቀረውን ለኔ ተዪው።»

ለእሱ የሚተውለት ምን እንደሆነ ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል። ኩሩማዳ በስብሰባ ላይ ተቃውሞ አያውቅም። እሱ ከስብሰባው በፊት በር ለበር ይዞራል፤ ከአንዱ ጋር ሲጋራ ያጨሳል፣ ከሌላው ጋር ምሳ ይበላል፣ ለሦስተኛው «እንዲያው ለወሬ ያህል» ብሎ ጠብ ያደርግለታል። ዛፉ ከመነቀሉ በፊት ሥሩን ዙሪያውን ይቆፍራል። ስብሰባው ሲደርስ ነገሩ በስሎ ያለቀ ነው፤ ስብሰባ ላይ ነገር የሚወሰን የሚመስለው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ካዙዮ የምትኖረው አማጋሳኪ ነው። ቤቴ ጠባብ ነው ብላ ሺሆን ከባቡር ሐዲዱ ሥር ወዳለች ኑድል ቤት ወሰደቻት። ባለቤቱ «እማማ፣ የተለመደው?» አላት፤ ኡዶን የሚሉትን ወፍራም ነጭ ኑድል በመረቅ አመጣላት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ምግቦች መካከል ካሪ በሩዝ፣ ካሪ ኡዶን የሚሉም ነበሩ። ሺሆ ነገሩ ገባት። ውል ያሰረው ሰው የሌላ ድርጅት ካሪ ሲበላ መታየት የለበትም፤ ካዙዮም የማን ካሪ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ከቤቷ ውጪ ካሪ መብላትን ጭራሽ ተወችው። ውሉ ካለቀ ቆይቷል። ልማዱ ግን አላለቀም።

ሺሆ ኦሃዮ እያለች የሰማችው ትዝ አላት። እዚያ ትልቅ ተዋናይ ሾርባ ሲሸጥ ከታየ ወዳጆቹ ያፍሩለታል፤ ምነው፣ ቸገረው እንዴ ይባላል። ስለዚህ ተዋናዮቹ ሹልክ ብለው ወደ ጃፓን ይመጡና ውስኪና ቡና ይሸጣሉ፤ አገራቸው እንዳያይ አስፈርመው። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምንም ሽጥ ያልተባለ ተዋናይ፣ እሱ ነው የተረሳው።

ጎንበስ ብላ ነገሩን በለዘበ አፍ አስረዳች። ካዙዮ የመብያ እንጨቶቿ የተጠቀለሉበትን ወረቀት እያጣጠፈች አዳመጠቻት። ከዚያ ያልተጠበቀ ጥያቄ ጠየቀች።

«አንሶላው ምን ዓይነት ነው? ግራጫ ነው ወይስ ወደ ቢጫ ያደላል?»

ምስኪን፣ ምን ያህል ቆሻሻ ይዤ ልታይ ነው ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ ስትል አሰበች ሺሆ።

«ስለ እሱ አይጨነቁ፣ እማማ። እኔ እያለሁ ማንም አይስቅብዎትም። ቃሌ ነው።»

ካዙዮ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ደግ ልጅ ነሽ» አለች። ሺሆ ይህን ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።

ቀረጻው ሱይታ ውስጥ ባለ የመኖሪያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆነ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ነፋሱ ግን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። የቀርከሃ ማስጫዎች ተዘርግተው፣ በአንደኛው ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ አንሶላ፣ በሌላው ላይ ባለ ሙያዎቹ በሻይ ቅጠልና በከሰል ዱቄት የዘፈዘፉት ግራጫ አንሶላ ተሰቀለ። ባለ ነጭ አንሶላዋ ወጣት ማዩካ የተባለች ጀማሪ ተዋናይ ነበረች፤ ጎበዝ፣ ቀልጣፋ፣ የተባለችውን የማትረሳ።

ችግሩ የመጣው ከመጀመሪያው ቃል ነው። ካዙዮ በማስጫው ላይ አንጋጣ «ኧረ ያንቺ እንዴት ነጥቷል!» ትላለች። ማዩካ ደረቷን ነፍታ «ክሌርዴል ነዋ! እርስዎ አሁንም በዚያው በድሮው ነዎት?» ማለት ነበረባት። አለችም። ግን ከዚያ በፊት፣ እጇን ፊቷ ላይ እያወናጨፈች፣ ጎንበስ ብላ፣ «ኧረ የት ነጥቶ!» አለች።

ከቀረጻው ሰው አንድም ቅር ያለው አልነበረም። ሰው ሲያመሰግንህ የጨዋ ልጅ ሌላ ምን ይላል? ካሜራ ያዡም ድምፅ ያዡም አላስተዋሉትም፤ ሰው ሲተነፍስ ማን ያስተውላል። ያስተዋለው ሃልቨርሰን ብቻ ነበር።

«ሳሙናዬን ለምንድነው የምትክደው?» ብሎ ሺሆን ጠየቃት።

ማዩካ ሲነገራት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ይቅርታ ጠየቀች፤ አልደግመውም አለች፤ ደገመችው። እንደገና ይቅርታ፣ እንደገና «ኧረ የት ነጥቶ!»። አፏን ስትይዘው እጇ ያመልጣታል፣ እጇን ስትይዘው አንገቷ ይጎነበሳል። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ ማስጫውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቃሉን እንደ ድንጋይ ወረወረችው። ሃልቨርሰን ይሁን አለ። ሺሆ በሆዷ ስትስቅ ነበር። ይህ ሰው የአሸናፊን ደረት ማስነፋት አልቻለም፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ባሸነፈ ቁጥር አንገቱን የሚደፋ ነውና። የገዛ ሳቋ ምን እንደሚያስከፍላት ገና አላወቀችም።

የቀረው የካዙዮ ፊት ነበር። የመጨረሻው ምስል እሱ ነው፤ ያፈረችው እናት።

ካዙዮ ግራጫውን አንሶላ ከማስጫው ላይ በዝግታ አወረደች። አጣጠፈችው። ወጣቷን አየት አድርጋ ከኋላዋ ደበቀችው። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ከአፏ ተነስቶ ዓይኗ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ነፋስ መጣና የአንሶላውን ጫፍ ከቀሚሷ ጎን አውጥቶ አውለበለበው። ካዙዮ ፈገግታዋን ሳታጠፋ በክርኗ መልሳ ወደ ኋላ ገፋችው።

ከድምፅ ሰዎቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው። ሳቁ ግን ሺሆ ጎን ላይ እንደ መርፌ ተሰክቶ ቀረ። ቃሌ ነው ብላ ነበር።

ሃልቨርሰን አልሳቀም። ወደ ሺሆ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ ተናገረ። እሷ ራሷ እንዴት አየችው፣ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቂልኝ አለ።

ሺሆ ጠየቀቻት። ካዙዮ አንሶላውን እንደታቀፈች፣ አንድ እጇን ፊቷ ላይ እያወናጨፈች፣ «ኧረ ምን አለውና! አሮጊት አንሶላ መደበቅ ያቅታታል?» አለች።

«ምንም የለውም ትላለች» ብላ ተረጎመች ሺሆ። «ይሄን ማንም አሮጊት ያደርገዋል ትላለች።»

ቃል በቃል ልክ ነበር። አንድ ፊደል አልጨመረችም፤ አንድ ፊደል አልቀነሰችም። የሃልቨርሰን ፊት ሲጠቁር አየች። ሺሆም በዚያው ገባችበት። ከኋላዋ ኩሩማዳ እጅጌዋን ነካ አድርጎ «በኋላ» ሲል ሰምታለች። በኋላ ማለት ምን እንደሆነም ታውቃለች፤ ሲጋራ፣ ምሳ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። በር ለበር እስኪዞር ያ ፊልም ተቀናብሮ ያልቃል፤ ካዙዮም በአገር ፊት ይሳቅባታል ብላ ፈራች።

«ይህ መጥፎ ነው» አለች በእንግሊዝኛ፣ ጣሪያው ሁሉ እየሰማ። «ይህን ያየ ሰው ሳሙናችሁን አይገዛም። ለእሷ አዝኖ የድሮውን ነው የሚገዛው። እናታችንን አዋርዳችሁ እኛን ደንበኛ ልታደርጉን አትችሉም።»

እንግሊዝኛ የማያውቁትም ነገሩ ገባቸው። ካሜራ ያዡ በድንገት ሌንሱን መጥረግ ጀመረ። ሃልቨርሰን ግን ቁጣውን የት እንዳስቀመጠው አይታወቅም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር?» አለ። «ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል። አንድ ሰው ይህን ቢለኝ ኖሮ! እሺ፣ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ሺሆ ይህን አልጠበቀችም። ከጣሪያው ላይ ይጥለኛል ብላ ነበር። ያን ጊዜ በአእምሮዋ የመጣላት የማዩካ ስህተት ነበር። ስህተቱ እንዳለ ይሁን አለች። አንዷ ታመስግን፣ ሌላዋ «ኧረ የት ነጥቶ!» ትበል፤ ያቺኛዋ ደግሞ «ኧረ የኔን ባየሽው!» ትበል፤ በአንሶላዎቹ መካከል ይጎናበሱ። ማንም አይሸነፍም። የሳሙናው ስም በመጨረሻ በቀስታ ይምጣ። ሃልቨርሰን አፉን ከፍቶ ሰማትና በሳቅ ፈነዳ። እንሞክረው አለ። ማዩካ እጇ ከተፈታላት በኋላ በአንድ ጊዜ አደረገችው። ካዙዮም የተባለችውን አደረገች፤ ንጹሕ፣ ልክ፣ እንደታዘዘች።

በነጋታው ኩሩማዳ ወደ ሺሆ ጠረጴዛ መጣ። ሳትነግረኝ ደንበኛ ፊት አዋረድሽኝ አላላትም። ምንም አላላትም። «ታታራ ሳን፣ ቢመችዎት ይህን ፋክስ ቢያዩልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ሄደ። ሥራ ከጀመረች አንስቶ ያለ «ሳን»፣ ያለ ማክበሪያ ቃል፣ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። የእነሱ ቤት ቁጣ እንዲህ ነው፤ በር አይዘጋብህም፣ እንደ እንግዳ ይቀበሉሃል። ሃልቨርሰን ደግሞ በተቃራኒው ቢራ ጋበዛት፤ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው አገኘሁ አላት። የገዛ ቤቷ ሰው ሲርቃት ባዕዱ ቀረባት። ይሁን አለች። ዋናው ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ በካዙዮ አልሳቁባትም።

ስለዚህ ጣፋጭ ኬክ በካርቶን አስጠቅልላ ወደ አማጋሳኪ ስትሄድ ምስጋና ልትቀበል ነበር የምትሄደው። በዚያችው ኑድል ቤት ተቀመጡ። ካርቶኑ እንደ ወጉ ተሰጠ፣ እንደ ወጉ «ኧረ አይገባም» ተባለ፣ እንደ ወጉ ተወሰደ። ካዙዮ መረቋን ፉት ካለች በኋላ እንደ ዋዛ ጠየቀች፤

«ያ የተተወው ፊልም የት ይገባል?»

ሺሆ ጥቂት ጊዜ ይቀመጥና ካሴቱ ለሌላ ሥራ ይሰረዛል አለች። ካዙዮ ዝም አለች። ቀድሞ ቢሆን ሺሆ ይህን ዝምታ ወዲያው ትፈታው ነበር፤ እፎይ አለች ብላ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ይፈልጉት ነበር?»

«ኧረ ምን ያደርግልኛል!»

የካዙዮ እጅ ፊቷ ላይ ተወናጨፈ። ሺሆ የመብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች። ያን እጅ ታውቀዋለች። ያ የማዩካ እጅ ነው፤ ሳሙናውን የካደው እጅ። ጣሪያው ላይም አንሶላ ታቅፋ ስትቆም ይኸው እጅ ነበር። አይታዋለች። አውቃዋለች። አውቃውም ቃል በቃል ተርጉማዋለች።

«እማማ» አለች፣ «እንደገና ልጠይቅዎ። ይፈልጉት ነበር?»

ከላይ ባቡር አለፈ፤ ሳህኖቹ ተንቀጫቀጩ። ሺሆ አልገመተችም፤ ጠበቀች።

«ስንት ዘመን ጭልፋ ይዤ ስስቅ ኖርኩ» አለች ካዙዮ። «የሚያየኝ ሁሉ ራበው እንጂ እኔን አላየኝም። ያን ዕለት ያ ልጅ ሳቀ አይደል? ያሳቅሁት እኔ ነኝ። አንሶላውን ነፋስ ያወጣው መሰለሽ? በክርኔ ለቀቅ አድርጌ፣ ነፋሱን ጠብቄ ነው ያወጣሁት። መልሼ ስገፋው ደግሞ እንዲያምርብኝ አድርጌ አፈርኩ። ጨዋታ ነው እኮ፣ ልጄ። ሙያዬ ነው።»

«እኔ እኮ የቀለሙን ነገር ሲጠይቁኝ…»

«ቀለሙን የጠየቅሁት ለግራጫ የሚሆነው ኀፍረትና ለቢጫ የሚሆነው አንድ ስላልሆነ ነው። አንቺ ግን ማንም አይስቅብዎትም አልሽኝ። እኔ መች ለመንኩሽ?»

ሺሆ ፊቷ ነደደ። ሃልቨርሰን ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎ እንደነበር፣ እሷም የተባለውን እንዳለ እንደነገረችው ተናገረች።

«እንዳልኩት ነገርሽው?»

«እንዳሉት።»

«እንዳልኩትማ» አለች ካዙዮ ራሷን እየነቀነቀች። «ታዲያ ምን እንድል ነበር? አቤት ሲያምርብኝ ልበል?»

ቁጣ አልነበረባትም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ሺሆ ጣሪያው ላይ የሠራችውን ስታሰላው ገረማት። ሳትመክር አደባባይ ላይ «አይሆንም» ያለችው እንደ ኦሃዮ ልጅ ነው። ሳትጠይቅ የሰውን ልብ አውቃለሁ ብላ የገመተችው ደግሞ እንደ ኦሳካ ልጅ ነው። ከሁለቱም አገር መልካሙን ይዣለሁ ስትል፣ ለሰው የማይበጀውን ከሁለቱም ለቅማ ኖሯል።

«የትኛው እንዲወጣ ይፈልጋሉ?» አለች።

«እናንተ እንዳላችሁ።»

«የትኛው?»

ካዙዮ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። «የኔ» አለች።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ሺሆ በነጋታው ማለዳ ኩሩማዳ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች፤ በጆሮው፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ። ተሳስቻለሁ አለች፤ ያን ፊልም እንዲያወጡልኝ በእርስዎ መንገድ ይዙሩልኝ ብላ ጎነበሰች። ኩሩማዳ ሻዩን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ኮቱን አንስቶ ሲጋራ ለማጨስ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ፤ ጠዋት ጠዋት ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ሃልቨርሰን ዘንድ ራሷ ሄደች። «ትርጉሙ ልክ ነበር፤ ግን ዋሽቼሃለሁ» አለችው። ያ እጅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሴትየዋ ምን እንደሠራች ነገረችው። እንደ ልማዱ ታዲያ ቶሎ ለምን አልነገርሽኝም ይላል ብላ ጠበቀች። ሰውየው ግን በእጁ የያዘውን የቆርቆሮ ቡና ትኩር ብሎ አየ። ሺሆ የሰው ዓይን ማረፊያ ሲፈልግ ታውቃለችና አላናገረችውም።

«ትክክለኛውን ሰው ጠይቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደስ ብሏታል ብትይኝ ኖሮ ያን ፊልም አልተወውም ነበር።» ቢራ ግን ዳግመኛ አልጋበዛትም።

ማስታወቂያው በዝናቡ ወር ወጣ። በመጀመሪያ የማዩካ «ኧረ የት ነጥቶ!»፣ በመጨረሻ የካዙዮ ፊት፣ ያች የአንሶላ ጫፍ፣ ያ ክርን።

ሺሆ ሰው ለካዙዮ አዝኖ የድሮውን ሳሙና ይገዛል ብላ ተንብያ ነበር። ሃልቨርሰን ደግሞ ሰው የነጣውን አንሶላ አይቶ የእሱን ይገዛል ብሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሰፈሯ ገበያ አዳራሽ ከሳሙናው መደርደሪያ ፊት ሁለት ሴቶች ቆመው አገኘች። አንደኛዋ የክሌርዴልን ካርቶን ታገላብጣለች።

«አየሻት እማማን? እንደዚያ ስትደብቅ ሆዴን በላችው።»

«የኔንም። በዚህ ዕድሜዋ!»

«እንግዲህ ካልተሸጠላት ይቆጧታል። አንድ አንድ እንውሰድላት እንጂ።»

አንድ አንድ ወሰዱላት። አንሶላ ስለ መንጣቱ ያነሳ አልነበረም። ሺሆ ባዶ ቅርጫቷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሁለቱም ትንቢት ተሳስቷል፤ ሳሙናው ግን ከመደርደሪያው እየወረደ ነው። ይህን ለሃልቨርሰን እንዴት አድርጋ እንደምትተረጉመው አሰበችና፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው ብላ ተወችው።

ለካዙዮ ግን ነገረቻት፣ በዚያችው ኑድል ቤት። ካዙዮ «ኧረ ተዪኝ!» ብላ እጇን አወናጨፈች። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«ዛሬ ካሪ ኡዶን ስጠኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ። «እማማ… ሰው እያየ እኮ ነው።»

«ይየኛ!»

መጣላት። ካዙዮ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ነበር፤ ካሪ ኡዶንና ነጭ ሸሚዝ ደግሞ የማይታረቁ ናቸው። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ ኑድሉ ተፈናጥሮ አንገትጌዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አሳረፈ። ሺሆ መሐረብ ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ቆመች። ጠበቀች። ካዙዮ ነጠብጣቡን አየችው፤ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ፈገግ አለች፤ በመዳፏም በቀስታ ሸፈነችው። ከዚያ እንደ ድንገት ከጣቶቿ አንዷን ከፈት አደረገች፣ ቢጫው ብቻ ብቅ እንዲል።

መጀመሪያ የሳቀችው ሺሆ ነበረች።